ያውቁ ኖሯል? ሁለት ጊዜ የነደደው የክሊቭደን የድግስ ቤት

ከለንደን በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ታፕሎ ከምትባል መንደር አጠገብ፣ የቴምዝን ወንዝ ቁልቁል የሚያይ አንድ ትልቅ ቤት አለ። ስሙ ክሊቭደን ነው። የቆመበት የኖራ ድንጋይ አፋፍ ከወንዙ 40 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ዙሪያውን 150 ሄክታር ገደማ የአትክልት ቦታና ጫካ ከቦታል። ዛሬ ሙሽሮች ይዳሩበታል፣ ኩባንያዎች ይሰበሰቡበታል፣ አቅሙ ያለው እንግዳ ያድርበታል። ዓምዳችን በሙሉ ለአንድ ቤት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደጁ ያለፈው እንግዳ ብዛትና ዓይነት ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ክሊቭደን ከጥንስሱ ለግብዣ የታሰበ ነው። ቦታውን በ1666 የያዘው ሁለተኛው የባኪንግሃም መስፍን ጆርጅ ቪልየርስ ነው፤ ከንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ጋር አብሮ ያደገ ባለሟል። የፈለገው የእርሻ ርስት አልነበረም። ሲያድን ውሎ ከወዳጆቹ ጋር የሚበላበትና የሚጠጣበት ማረፊያ ነው የፈለገው። አርክቴክቱ ዊልያም ዊንድ አፋፉን ደልድሎ፣ በቅስቶች የተደገፈ ረጅም ሰገነት ገነባ፤ ቤቱንም ከዚያ በላይ አቆመው። ያ ቤት ዛሬ የለም። ሰገነቱ ግን አለ፤ የዛሬ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት ከ300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ግንብ ላይ ቆመው ነው።

መስፍኑ ለክሊቭደን ደም ያለበት ወሬም አውርሶታል። ከሽሩዝበሪው ኧርል ሚስት ከአና ማሪያ ጋር የነበረው ግንኙነት አደባባይ ወጣና ባልየው ለግጥሚያ ጠራው። ጃንዋሪ 16 ቀን 1668 ባርን ኤልምስ በሚባል ስፍራ ሦስት ለሦስት ሆነው ሰይፍ ተማዘዙ። ከመስፍኑ ረዳቶች አንዱ ሞተ። ኧርሉም ቆስሎ፣ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አረፈ። የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊው ሳሙኤል ፒፕስ ጉዳዩን በጊዜው መዝግቦታል። በክሊቭደን ሣር ላይ ዛሬም የሰይፍ ቅርጽና 1668 የሚል ቁጥር ተሠርቶ ይታያል።

የብሪታንያ ጦር የመጀመሪያው ፊልድ ማርሻል የዚህ ቤት ጌታ እንደነበርስ? ቤቱን በ1696 የገዛው የኦርክኒው ኧርል ጆርጅ ሃሚልተን ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው በ1736፣ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ከአፋፉ ጫፍ ላይ ያለችውን ባለ ስምንት ማዕዘን ቤት በጣሊያናዊው አርክቴክት በጃኮሞ ሊዮኒ ያሠራት እሱ ነው። ያኔ ወንዙን እያዩ የሚቀመጡባት መዝናኛ ነበረች። በኋላ ክሊቭደንን የያዘው የአስተር ቤተሰብ ጸሎት ቤት አደረጋት፤ የቤተሰቡ አባላት አመድ ያረፈውም እዚያ ነው።

ከእንግሊዝ ዘፈኖች ሁሉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ፣ “ሩል ብሪታኒያ”፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው በለንደን ቴአትር ቤት አይደለም፤ በክሊቭደን ነው። ታሪኩ ትንሽ ዘርዘር ሊል ይገባዋል። አልጋ ወራሹ ልዑል ፍሬድሪክ ከአባቱ ከንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ ጋር ክፉኛ ተጣልቶ በ1737 ከቤተ መንግሥት ተባረረ። በዚያው ዓመት ክሊቭደንን ተከራየ፤ ቤቱም በንጉሡ የተከፉ ፖለቲከኞች፣ ገጣሚዎችና ሙዚቀኞች የሚሰባሰቡበት ሁለተኛ አደባባይ ሆነ። ኦገስት 1 ቀን 1740 ልዑሉ የልጁን የአውጉስታን ሦስተኛ ዓመት ልደትና የአያቱን የቀዳማዊ ጆርጅን ዙፋን መውጣት አንድ ላይ ለማክበር ድግስ ደገሰ። ለዕለቱ የተዘጋጀው የሙዚቃ ቴአትር ዴንማርኮችን ስላሸነፈው ስለ ጥንቱ ንጉሥ አልፍሬድ ነበር። ግጥሙን ጄምስ ቶምሰንና ዴቪድ ማሌት ጻፉት፣ ዜማው የቶማስ አርን ነው።

ምርጫው በአጋጣሚ አልመጣም። ከጀርመን ምድር የመጣ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ፍሬድሪክ፣ እኔ የዚህች አገር ሰው ነኝ ለማለት የአገሬውን የቀድሞ ጀግና መድረክ ላይ አወጣ። የቴአትሩ መዝጊያ የነበረው ዘፈን ከግቢው ወጥቶ የባሕር ኃይሉ፣ ከዚያም የአገሩ ሁሉ ሆነ። ዛሬም በየዓመቱ በለንደን የፕሮምስ የሙዚቃ ዝግጅት መዝጊያ ምሽት ሕዝብ በአንድ ድምፅ ያዜመዋል። ፍሬድሪክ ራሱ አልነገሠም። በ1751 ከአባቱ ቀድሞ ሞተና ዙፋኑ ለልጁ ለሣልሳዊ ጆርጅ ተላለፈ።

ቤቱ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። የመጀመሪያው ሜይ 20 ቀን 1795 ነው፤ አንዲት የቤት ሠራተኛ የገለበጠችው ሻማ አስነሣው ይባላል። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። በ1824 የገዛው ሰር ጆርጅ ዋረንደር አርክቴክት ዊልያም በርንን አስመጥቶ አዲስ ቤት አሠራ። በ1849 የሰዘርላንድ መስፍን ገዛው። ገና ሳይደላደሉበት፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ነደደ። ንግሥት ቪክቶሪያ ጭሱን ከዊንዘር ቤተ መንግሥት አይታ የእሳት ማጥፊያ እንዲሄድ አዘዘች ይባላል። አልተረፈም።

አሁን የሚታየውን ሦስተኛውን ቤት በ1851 መሥራት የጀመረው ቻርልስ ባሪ ነው፤ ያው የእንግሊዝን ፓርላማ ሕንፃ የነደፈው ሰው። አሠራሩ የጣሊያን ቪላ ዓይነት ሲሆን፣ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን በላቲን የተጻፈ ጽሑፍ ይሄዳል። ያን ጽሑፍ ያዘጋጀው በኋላ አራት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዊልያም ግላድስተን ነው።

ከቤቱ ጎን 30 ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚወጣው የሰዓት ማማ በ1861 የተጨመረ ነው፤ ንድፉ የሄንሪ ክለተን። ብዙ ጎብኚ የሚያየው ሰዓቱንና ወርቃማ ጌጡን ብቻ ነው። ሆዱ ውስጥ ግን የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ማማው የተሠራው ለቤቱ ውሃ ለማዳረስ ነው።

የሰዘርላንዷ እመቤት ሃሪየት የንግሥት ቪክቶሪያ የቅርብ ወዳጅና የእልፍኟ ዋና ኃላፊ ነበሩ። ንግሥቲቱ ክሊቭደን ደጋግማ ትመጣ ነበር። የጣሊያን አንድነት አርበኛው ጁሴፔ ጋሪባልዲም በ1864 እንግሊዝን ሲጎበኝ እዚህ ተጋብዟል። ሃሪየት ግን በግብዣ ብቻ የሚታወሱ ሴት አልነበሩም። የአሜሪካ ሴቶች የባሪያ ንግድንና ባርነትን እንዲቃወሙ የሚማጸን ደብዳቤ በለንደን ቤታቸው ጸድቆ ከ500,000 በላይ የብሪታንያ ሴቶች ፈርመውበታል። ስልክ እንኳ ባልነበረበት ዘመን ያን ያህል ፊርማ ማሰባሰብ ምን ያህል ደጅ መርገጥ እንደሚጠይቅ ይገምቱት።

ያውቁ ኖሯል? በጸደይ ወራት የአደባባይ አበባ መደቦችን በቀለም ሞልቶ የመትከል ልማድ እንዲስፋፋ ካደረጉት አንዱ የክሊቭደን አትክልተኛ ነው። ጆን ፍሌሚንግ ይባላል። ከሰገነቱ በታች የተዘረጋውን ሰፊ ሣር በ1850ዎቹ በሦስት ማዕዘን ቅርጾች ከፋፈለው። ቀድሞ መደቡ የሚያምረው በበጋ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን በመከር የሚተከሉ፣ ብርዱን ችለው በጸደይ የሚያብቡ ዝርያዎችን መርጦ ዘዴውን በመጽሐፍ አሳተመ። ቤቱ ስንት ጌታ ቀየረ፤ የአትክልተኛው ንድፍ ግን ዛሬም እዚያው መሬት ላይ ይነበባል።

በ1893 ክሊቭደን በአሜሪካዊ እጅ ገባ። ገዢው ዊልያም ዋልዶርፍ አስተር በዘመኑ ከነበሩት የዓለም ባለጸጎች አንዱ ነበር፤ የከፈለውም 1.25 ሚሊዮን ዶላር ነው። በ1899 የብሪታንያ ዜግነት ወሰደ። ሰውየው ያረጀ ዕቃ ወዳድ ነበርና አውሮፓን በሙሉ ወደ ግቢው ያጓጓዘ ይመስላል። ከፈረንሳይ የ18ኛው መቶ ዘመን የእንጨት ግድግዳ ከነወርቅ ቅቡ አስነቅሎ የመመገቢያ ክፍል አደረገው፤ የሮማውያን የድንጋይ ሬሣ ሣጥኖችን ሰብስቦ ግቢው ውስጥ ደረደረ፤ በ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የታየውን የቻይና ዓይነት ፓጎዳ ገዝቶ ከኩሬው መሐል አቆመው። ያ የፈረንሳይ ክፍል ዛሬ ለሠርግ ምሳና ለግል ግብዣ ይከፈታል።

ከሮም ያስመጣው ግን ያላሰበውን እንግዳ ይዞለት መጣ። በ1890ዎቹ ከቪላ ቦርጌዜ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ረጅም የድንጋይ መደገፊያ ገዝቶ ከሰገነቱ በታች አስተከለው። መቶ ዓመት አለፈ። ከዚያ በቅርብ ዘመን፣ ሐውልቶቹንና ድንጋዩን የሚያጸዱ ሰዎች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም ሹል ቀንድ አውጣ አገኙ። የእንግሊዝ ዝርያ አልነበረችም። የሜዲትራኒያን አገር ቀንድ አውጣ ናት፤ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጋ ከሮም መጥታ፣ ብርዱን ለምዳ፣ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ተዋልዳ ኖራለች። በሺህ የሚቆጠር ታላቅ ሰው በአጠገቧ አልፏል፤ ማንም ልብ አላላትም።

አስተር በ1894 ያስተከለው የዛፍ ግድግዳ መጥፊያ መንገድም ነበረ፤ ገብተው መውጫው የሚጠፋበት ዓይነት። ሲተው ተውጦ ጠፋ። በ1,100 አዳዲስ ዛፎች ዳግም ተተክሎ በ2011 ተከፈተ።

በ1906 ሽማግሌው አስተር ክሊቭደንን በሙሉ ለልጁ ለዋልዶርፍ የሠርግ ስጦታ አድርጎ ሰጠ። ሙሽራይቱ ናንሲ ላንግሆርን ትባላለች፤ የቨርጂኒያ ልጅ ናት፣ ከመጀመሪያ ባሏ ተፋታ አንድ ወንድ ልጅ ይዛ የመጣች። ከዚያ ሠርግ 13 ዓመት በኋላ ይህች ሴት የአገሪቱን ታሪክ ቀየረች። አማቷ በ1919 ሲሞት ባሏ ማዕረጉን ስለወረሰ ወደ ላይኛው ምክር ቤት መዛወር ነበረበት። በታችኛው ምክር ቤት የለቀቀውን የፕሊመዝ ወንበር ለመያዝ ናንሲ ተወዳደረች፤ አሸነፈችም። ዲሴምበር 1 ቀን 1919 በብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት ወንበሯን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከእሷ በፊት በ1918 የተመረጠችው ኮንስታንስ ማርኪየቪች ለአየርላንድ ነፃነት ስትል ወንበሩን አልያዘችም ነበር። ሁለተኛዋ ሴት፣ ማርጋሬት ዊንትሪንግሃም፣ እስክትጨመር ድረስ ናንሲ ሁለት ዓመት ያህል በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል ብቻዋን ተቀምጣለች። እስከ 1945 አገለገለች።

በእንግሊዝ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በመጠጥ ቤት አልኮል እንዳይሸጥ የከለከለው የ1923 ሕግ የናንሲ ረቂቅ ነው። መጠጥ የማትቀምስ ሴት ነበረች።

በ1931 ከጸሐፌ ተውኔቱ ከጆርጅ በርናርድ ሾው ጋር ሞስኮ ሄዳ ስታሊን ፊት ቀርባለች፤ ሰው መግደሉን መቼ እንደሚያቆም ፊት ለፊት ጠየቀችው ይባላል። ሾው ለክሊቭደን ቤተኛ ነበር። ቻርሊ ቻፕሊን፣ ዊንስተን ቸርችል፣ ቲ. ኢ. ሎውረንስ፣ ሁሉም በዚህ ቤት ማዕድ ቀርበዋል።

ያ ማዕድ ግን የሚቀርበው በማን እጅ ነበር? የታሪክ መጻሕፍት የተጋባዦችን ስም ይዘረዝራሉ፤ ወጥ ቤቱን ግን ዘለውት ይሄዳሉ። ክሊቭደን በዚህ ረገድ የታደለ ነው። የዮርክሻየር ተወላጇ ሮዚና ሃሪሰን በ1928 ቤተሰቡ ዘንድ ተቀጥራ፣ የናንሲ ደንገጡር ሆና እስከ እመቤቷ ሞት እስከ 1964 ድረስ አገልግላለች። በ1975 ያሳተመችው የሕይወት ታሪኳ በዚያ ዘመን ቤቶች የውስጥ ኑሮ ላይ ከተጻፉት ምስክርነቶች ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ አለው። ከእመቤቷ ጋር በየቀኑ እየተጨቃጨቁ፣ ግን ሳይለያዩ እንደኖሩ ትተርካለች። የቤቱ አጋፋሪ ኤድዊን ሊ ደግሞ በሥራው ሰዎች ዘንድ “ሎርድ ሊ” እስከ መባል የተከበረ ነበር። ለትልቅ ድግስ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ምግቡ ስንት ሰዓት ከወጥ ቤት እንደሚወጣ፣ የእንግዳው ሻንጣ የት ክፍል እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነው። ዛሬ የሠርግ አዘጋጆች የሚሠሩት ሥራ ሥሩ እነዚህ ሰዎች ጋ ነው።

ከክሊቭደን ታሪክ ለእኔ ትልቁ ምዕራፍ ግን ግብዣ የለበትም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አስተሮች ንብረታቸውን ለቁስለኞች ሰጡ። ትልቁ ቤት ለሆስፒታልነት ስላልተመቸ የካናዳ ቀይ መስቀል ጣሪያ ያለውን የቴኒስ ሜዳና የቦውሊንግ ማጫወቻውን መረጠ። በ1915 አልጋዎች ተዘረጉበት። 100 ያህል አልጋ ይዞ የተጀመረው ሆስፒታል እስከ 600 ደረሰ፤ ጦርነቱ እስኪያበቃም 24,000 ያህል ቁስለኞች ታክመውበታል። ናንሲ ከአልጋ ወደ አልጋ እየሄደች ተስፋ የቆረጡትን ታበረታታ፣ ስትፈልግም ትቆጣቸው ነበር።

የሞቱት እዚያው ግቢ ውስጥ አርፈዋል። አስተር ለመዝናኛ ያሠራው ዝቅ ያለ የጣሊያን አትክልት ቦታ የጦር መካነ መቃብር ሆነ። 40 የሚሆኑ መቃብሮች ከሣሩ ጋር ተስተካክለው ተነጥፈዋል፤ ከመካከላቸው እጇን የዘረጋች የሴት ሐውልት አለች። ቀራጩ አውስትራሊያዊው በርትራም ማኬናል ሲሆን፣ ለፊቷ መነሻ የሆነችው ናንሲ ናት ይባላል። ለሠርግ ክሊቭደን የሚሄድ ሰው ካለ፣ አንድ ሰዓት ተርፎት ወደዚያ ቢወርድ ደስ ይለኛል።

ሆስፒታሉ በዚያ አላበቃም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካናዳውያን በዚያው ስፍራ አዲስ ሆስፒታል ሠሩ፤ ከጦርነቱም በኋላ ለብሪታንያ ሰጥተዋት ሄዱ። የሕፃናትን የቁርጥማትና የልብ ሕመም በማጥናት ዓለም አቀፍ ስም አተረፈ፤ ዶክተር ኤሪክ ባይዎተርስና ዶክተር ባርባራ አንሴል የሠሩት እዚህ ነው። የልጆች የመገጣጠሚያ ሕመም የራሱ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ያሳየ ሥራ ነበር። በ1985 ተዘጋ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ “የክሊቭደን ቡድን” የሚባል ስም ከጋዜጣ ጋዜጣ ተዛመተ። ጋዜጠኛው ክሎድ ኮክበርን በአስተሮች ቤት ቅዳሜና እሁድ የሚሰበሰቡት ሹማምንት ከሂትለር ጋር መታረቅን ያሤራሉ ብሎ ጻፈ። ሴራው የተጻፈውን ያህል አልነበረም። ግን ናንሲና ብዙዎቹ ወዳጆቿ ከሂትለር ጋር የመግባባትን ፖለቲካ መደገፋቸው እውነት ነው፤ ስሙም ከእነሱ አልተላቀቀም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ እንዲህ ያለ ቤት የሚድነውም የሚጠፋውም በገንዘብ ነውና። በ20ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከ1,000 በላይ ትልልቅ የገጠር ቤቶች ፈርሰዋል። ባለቤቱ ሲሞት የሚከፈለው የውርስ ግብር በትልልቆቹ ሀብቶች ላይ ወደ ግማሽ ደርሶ ነበር፤ በጦርነት ወራሾቹ ያለቁበት ቤት ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይከፍላል። አገልጋይ የሚሆነውም ወጣት ፋብሪካና ቢሮ መረጠ። ጣሪያ ሲያፈስ የሚጠግን ጠፋ። በ1930ዎቹ ይህን በይፋ የተናገረው የሎዚያኑ ማርኳስ ፊሊፕ ኬር፣ የናንሲ የልብ ወዳጅና የክሊቭደን ዘወትር እንግዳ ነበር። ከእሱ ጥረት በኋላ በ1937 ሕግ ወጣ። ባለቤቱ ቤቱን ለጥገና ከሚበቃ ገንዘብ ጋር ለናሽናል ትረስት ይሰጣል፤ ያ የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ደግሞ ቤተሰቡን እዚያው እንዲኖር ይፈቅድለታል፤ ቤቱ ከውርስ ግብር ይድናል፣ ሕዝቡም ገብቶ ያየዋል። አስተሮች በ1942 ክሊቭደንን ከ250,000 ፓውንድ ጋር ሰጡ። በጦርነቱ መሐል፣ ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ነው ይህን ያደረጉት።

የክሊቭደን መዋኛ ገንዳ መንግሥት አናግቷል። ጁላይ 8 ቀን 1961 ቅዳሜ ምሽት የጦር ሚኒስትሩ ጆን ፕሮፉሞ ከሦስተኛው ሎርድ አስተር ጋር እራት በልቶ በግቢው ሲንሸራሸር ገንዳው ዳር ከ19 ዓመቷ ክሪስቲን ኪለር ጋር ተገናኘ። እሷ የመጣችው በግቢው ውስጥ ያለውን የወንዝ ዳር ጎጆ ከተከራየው ከሐኪሙ ከስቲቨን ዋርድ ጋር ነው። በዚያው ቅዳሜና እሁድ የሶቪየቱ የባሕር ኃይል ወኪል ዬቭጌኒ ኢቫኖፍም እዚያ ነበር፤ ኪለርንም ያውቃት ነበር። ፕሮፉሞ ማርች 22 ቀን 1963 በምክር ቤቱ ፊት ከኪለር ጋር አንዳች ነውር አልተፈጸመም ብሎ ተናገረ። ሐሰት ነበር፤ በጁን ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ዋርድ ፍርድ ቤት ቀርቦ ችሎቱ ሳይፈጸም ከልክ በላይ መድኃኒት ወስዶ ሞተ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማክሚላን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወረደ፤ ፓርቲው በ1964 ምርጫ ተሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ አይነገርም። ፕሮፉሞ ወደ ፖለቲካ አልተመለሰም። በምሥራቅ ለንደን ድሆችን በሚረዳው በቶይንቢ ሆል ለአሥርት ዓመታት በነፃ አገልግሎ፣ በ1975 ለዚሁ ሥራው የመንግሥት ኒሻን ተቀበለ።

ቢትልሶች በ1965 ለወጣው “ሄልፕ” ፊልማቸው ክሊቭደን ውስጥ ቀርፀዋል፤ ቤቱ በፊልሙ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሆኖ ይታያል።

ሎርድ አስተር በ1966 ሲሞት ቤተሰቡ ለቀቀ። በ1969 የካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተከራይቶት እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ተማሪዎቹን አሰፈረበት። ንግሥት ቪክቶሪያ በተጋበዘችበት ቤት የአሜሪካ ወጣቶች ለፈተና አነበቡ።

ቤቱ ሆቴል የሆነው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ውሉ እንዲህ ነው፦ ሕንፃው፣ መሬቱና አትክልቱ የናሽናል ትረስት ንብረት ሆነው ይቀጥላሉ፤ ሆቴሉን በረጅም ኪራይ ይዞ የሚያስተዳድረው የግል ኩባንያ ነው። ኩባንያ ሲከስር እንኳ ቤቱ አይሸጥም። ይህም በ2011 ተፈትኗል፤ ሆቴሉን የያዘው ድርጅት ሲወድቅ በ2012 ሌላ ተተካ፣ ክሊቭደን ግን እዚያው ቆየ። ይህ አሠራር ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል። ሠርግና ስብሰባ ለቤቱ ሥራ ይሰጡታል፤ አትክልቱ ደግሞ የመግቢያ ዋጋ ለከፈለ ሁሉ ክፍት ነው፣ በየዓመቱም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይገባል። አንዳንድ ክፍሎችም በተወሰኑ ቀናት ለጎብኚ ይከፈታሉ። ከግንቡ ውስጥ የዝናብ ውሃ ሲያሰርግ የኖረው የመስፍኑ ሰገነትም በ2010ዎቹ ከሥሩ ታድሷል።

የድግሱ ሰው ደግሞ ምን ያያል? ከመግቢያው ትልቁ አዳራሽ ከቡርጎኝ አገር የመጣ የ16ኛው መቶ ዘመን ምድጃ አለ፣ ከእሱ አጠገብ ጆን ሲንገር ሳርጀንት በ1908 የሣላት የናንሲ ሥዕል። ሙሽሮች ቃል ኪዳን የሚገቡት፣ እንግዶች የሚቀመጡት በእነዚህ መካከል ነው። ሜጋን ማርክል ሜይ 19 ቀን 2018 በዊንዘር ከልዑል ሃሪ ጋር ከመጋባቷ በፊት የነበረውን ሌሊት ከእናቷ ጋር ያደረችው በዚህ ቤት ነው።

ከአፋፉ ሥር፣ ከወንዙ ዳር ያለው ስፕሪንግ ኮቴጅስ? በ1813 ለኦርክኒ እመቤት የተሠራ ጎጆ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ሻይ ጠጥታበታለች፤ ስቲቨን ዋርድ ተከራይቶታል። አሁን ሆቴሉ ለሚከፍል እንግዳ ያከራየዋል።